ድንኳን ውስጥ ሰላጣ ለምታበቅሉ ልጆች፦ ስለ ሙቀትና ስለ እርጥበት

ሰላም ልጆች፣

ጓሮ የለንም ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አልተቀመጣችሁም። መሀል ፒያሳ ወይ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ክፍላችሁ ጥግ ላይ ዚፕ ያለው የተክል ማብቀያ ድንኳን ተክላችሁ፣ ኤልኢዲ መብራት ሰቅላችሁ፣ ሰላጣና በሶብላ ታበቅላላችሁ። ደስ ይላል። እኔ ዕድሜዬን ግሪንሃውስ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ እናንተ ስትደውሉልኝ ግን ሥራ ላይ ያለሁ ይመስለኛል።

(እነዚህ ድንኳኖች ውጭ አገር ስማቸው በብዛት የሚነሳው ከካናቢስ ጋር ነው። እኛ አገር ክልክል ነው። እኔ የማወራው ስለ ሰላጣ ነው፤ ሌላ ነገር የፈለገ እኔን አይጠይቀኝ።)

ስትደውሉ መጀመሪያ የምትነግሩኝ የመብራቱን ዋት ነው። ስንት ብር እንደወጣበት ትነግሩኛላችሁ። አየር የሚያስወጣው ፋንስ? ስል ዝም ትላላችሁ። የሙቀትና የእርጥበት መለኪያስ? ስል ደግሞ «እሱን በኋላ እንገዛለን» ነው መልሱ። ሰላጣችሁን የሚጨርሰው ግን የመብራት ማነስ አይደለም፤ የአየሩ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይመጣል። ሙቀትና እርጥበት ለየብቻ የሚስተካከሉ ሁለት ነገሮች አይደሉም። ሞቃት አየር ብዙ ውኃ ይይዛል፣ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። መለኪያው ላይ የምታዩት «65 በመቶ» የሚነግራችሁ አየሩ በዚያ ሙቀት መያዝ ከሚችለው ውኃ ምን ያህሉን እንደያዘ ነው። ሙቀቱ ሲወርድ፣ አንድ ጠብታ ሳትጨምሩ ቁጥሩ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። ድንኳናችሁ መብራት እያለ 24 ዲግሪ ነው፣ እርጥበቱ 65 በመቶ። ጥሩ ነው፣ ሰላጣም በሶብላም ይስማማቸዋል። መብራቱ ይጠፋል። የአዲስ አበባን ሌሊት ታውቁታላችሁ፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ቆፈን ያስይዛል። የድንኳኑ አየር 17 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መቶ በመቶ ይሞላል። ከዚያ በታች ውኃው መቀመጫ ይፈልጋል። ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል።

ጠዋት ስትከፍቱ ዚፑ ላይ በጣታችሁ ዳብሱ። ረጥቦ ከሆነ ሌሊቱን ድንኳኑ አልቦታል ማለት ነው። የበሶብላውን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ። ከሥሩ ግራጫ አቧራ የመሰለ ነገር ካለ፣ ከላይ ደግሞ ቢጫ ቢጫ ካለው፣ በሽታው ገብቷል። አቧራ ነው ብላችሁ በውኃ እንዳታጥቡት፤ የሚፈልገው እሱን ነው። ቅጠሉን በፌስታል አፍናችሁ አውጡና ጣሉት። ጽጌረዳ እርሻ ላይ የሚያሳብደን የነበረው ግራጫ ሻጋታም የሚነሳው እንዲሁ ነው፤ ሌሊት ቅጠልና አበባ ላይ ሰዓታት በሚቆይ ውኃ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መብራቱን ሌሊት አብሩት። ለሰላጣ 16 ሰዓት ብርሃን ከሰጣችሁ፣ መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋውን ታይመር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት አድርጉት። ተክሉ ሌሊትና ቀን አይለይም፤ የሚያውቀው መብራቱን ነው። 200 ዋት መብራት ማለት የ200 ዋት ማሞቂያ ማለት ነው፤ የሚበላው ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነው። ንጋት ላይ ብርዱ ሲጠና እሱ ይሠራላችኋል። ጨለማው ቤቱ በሚሞቅበት ከሰዓት ላይ ይወድቃል፣ ሙቀቱም ቁልቁል አይወረወርም። ውኃ ማጠጣትም መብራቱ እንደበራ ይሁን እንጂ ሊጠፋ ሲል አይሁን። ተክል የሚጠጣውን ውኃ ከሞላ ጎደል በሙሉ በቅጠሉ መልሶ ወደ አየር ነው የሚለቀው። ሁለት ሊትር አጠጣችሁ ማለት ሁለት ሊትር ገደማ ከድንኳኑ መውጣት አለበት ማለት ነው።

ብዙዎቻችሁ የማታምኑኝ ክረምት ላይ ነው። ሐምሌ ሲገባ «ውጭው ረጥቧል» ብላችሁ መስኮቱንም ድንኳኑንም ትዘጋላችሁ። ተው! ሌሊት ውጭ ያለው አየር 11 ዲግሪ ሆኖ መቶ በመቶ እርጥበት ቢኖረው እንኳ፣ ወደ ድንኳኑ ገብቶ 24 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ ወደ 44 በመቶ ይወርዳል። በክረምት የታጠበ ልብስ ደጅ ገመድ ላይ አልደርቅ ሲል ምድጃው ያለበት ክፍል ውስጥ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ብርዱን አስገቡት፣ መብራቱ ያሙቀው፣ ፋኑ እርጥበቱን ይዞ ይውጣ። ሲወጣ ግን በቱቦ እስከ መስኮት ይሂድ። ክፍሉ ውስጥ ከለቀቃችሁት ያው ይሽከረከራል፤ ግድግዳው ይሻግታል፣ ከአከራይ ጋርም ትጣላላችሁ።

ፋኑን ከላይ፣ ማስገቢያውን ከታች አድርጉ፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ጎኑ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ድንኳን 3 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። በደቂቃ አንዴ ይቀየር ካላችሁ በሰዓት 170 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያወጣ ፋን ያስፈልጋል። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያው ፋን ባሕር ዳርቻ ካለው ከተማ ይልቅ ሩብ ያህል ያነሰ ሙቀት ነው ይዞ የሚወጣው። ስለዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ግዙ፣ ፍጥነቱ የሚቀነስ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ውስጥ ቅጠሉን በትንሹ የሚያወዛውዝ ሌላ ትንሽ ፋንም አትርሱ። የሰላጣው የመሀል ለጋ ቅጠል ጫፉ ቡናማ ሆኖ ሲቃጠል «ማዳበሪያ አንሶታል» እያላችሁ ትጨምሩበታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ማዳበሪያው አለ። ካልሲየም ወደ ለጋው የሚደርሰው ከውኃው ጋር ነው፤ አየሩ ቆሞ እርጥበት መሀሉን ካፈነው ቅጠሉ ውኃ አይስብም፣ ካልሲየሙም መንገድ ላይ ይቀራል። ማዳበሪያ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል።

መለኪያ ስትገዙ ርካሹም ይበቃል፤ ግን ፈትኑት። ቆርኪ ላይ የገበታ ጨው አድርጉ፣ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉበት፤ ይርጠብ እንጂ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር ሳይነካካ ዚፕ ባለው ፌስታል ውስጥ አሽጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75 ማንበብ አለበት። 69 ካለ መለኪያችሁ ስድስት ያጎድላል፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉበት። ከዚያ ቅጠሉ ቁመት ላይ ስቀሉት፣ መብራቱ በቀጥታ እንዳያገኘው ወረቀት ከልሉበት።

በጋውን ብዙ አላወራም። ጥር ላይ አየሩ ከደረቀ የፋኑን ፍጥነት ቀንሱ፣ እርጥብ ፎጣ ስቀሉ፣ አለቀ። በሶብላ ግን 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይጠቁራል፤ ብርድ አይችልም።

ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል እንዳታስገቡ። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። በዚህ ቀልድ የለም።

መብራት ሲሄድ ድንኳኑን ወዲያው ክፈቱት። ፋኑ ቆሟል፣ ሙቀቱ እየወረደ ነው፣ እርጥበቱ መውጫ የለውም። እናንተ ሥራ ላይ ከሆናችሁ ቤት ላለ ሰው ዚፑን አሳዩት። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ደግሞ ወለል ላይ አትተዉት፤ ውኃ ይፈስበታል። ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ እዚያ ጋ ይንጠባጠባል፣ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።