ቃል የተገባልኝን ርቀት ባልጨርስስ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የ36 ዓመት መምህር ነኝ። እስከ ዛሬ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጬ አላውቅም፤ ዘንድሮ ግን ከ14 ሳምንት በኋላ ሐዋሳ ላይ በሚካሄደው ግማሽ ማራቶን ለመሮጥ ወስኛለሁ። ይህንኑ ምክንያት አድርጌ፣ እድራችን ለሚረዳቸው ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች የደብተር፣ የደንብ ልብስና የጫማ መግዣ ለማሰባሰብ ባልደረቦቼንና ዘመዶቼን ጠይቄ፣ ብዙዎቹ በምጨርሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ልክ ብር ሊሰጡ ቃል ገብተውልኛል። ልምምዱን ማለዳ ከከተማችን ወጣት ሯጮች ጋር በአስፋልት ላይ ጀምሬ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። አንዳንዶች ጥፋቱ የጫማ ነው፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለም ወይ ይሉኛል። ባቆም አፍራለሁ፣ ብቀጥል ለእግሬ እሰጋለሁ። ጾመ ነቢያትም እየገባ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስለ እግርዎ ከጻፉት ይልቅ ስለ ኀፍረት የጻፉት አንድ ዐረፍተ ነገር የበለጠ አሳስቦናል። የቅልጥም ሕመም በጊዜ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ይሉኝታ ግን በታመመ እግር ላይ ጫማ አስሮ ያስሮጣል። መልሳችንን ከገንዘቡ የምንጀምረውም፣ የተገባልዎት ቃል አሁን ባለበት መልኩ እስካለ ድረስ «ይረፉ» ብንልዎት እንደማያርፉ ስለምናምን ነው።

በኪሎ ሜትር 50 ብር ቃል የገባ ሰው ሙሉውን 21 ኪሎ ሜትር ከሮጡ ከ1,050 ብር በላይ ይሰጣል፤ 12ኛው ላይ ቢያቆሙ ግን 600 ብር ብቻ ይሆናል። የ450 ብሩ ጉድለት የሚያርፈው በእርስዎ ላይ ሳይሆን ደብተር በሚጠብቁት ልጆች ላይ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ስለ እግርዎ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ቃል ወደ ገቡልዎት ሰዎች ይመለሱና፣ እያንዳንዳቸው ሊሰጡ ያሰቡትን ጠቅላላ መጠን ወስነው ከሩጫው ቀን በፊት ገቢ እንዲያደርጉ በግልጽ ይጠይቋቸው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። በሰው ፊት ከፍ ያለ ቃል ገብተው ኋላ መክፈል የሚቸገሩም ስላሉ፣ መጠኑን ዝቅ እንዲያደርጉ ዕድል ሲሰጧቸው እነርሱንም ከይሉኝታ ያወጣሉ።

ገንዘቡ በእርስዎ ስልክ ወይም በግል የባንክ ሒሳብዎ እንዳይገባ አጥብቀን እንመክራለን። እርስዎን ስለምንጠራጠር ሳይሆን፣ ነገ አንድ ሰው ቢጠይቅዎት የሚያሳዩት ነገር እንዲኖርዎት ነው። እድሩ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በጋራ የሚፈርሙበት ሒሳብ ካለው ገቢው በቀጥታ ወደዚያ ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ሰጪም ደረሰኝ ይቆረጥለት። የሐዋሳ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪዎን ከተሰበሰበው ላይ አይንኩ። ከሚያውቁት ሰው አልፈው በአደባባይ ሕዝብን ለመጠየቅ ካሰቡ ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ኮሚቴዎችን የሚመለከት ድንጋጌ ስላለው አስቀድመው የሕግ ምክር ይጠይቁ። አንድ ነገር ደግሞ ከልብ እንለምንዎታለን፤ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲሉ የልጆቹን ፎቶግራፍ ለማንም አይላኩ። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ልጁ ነገ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ያንን ምስል ካዩ ጓደኞቹ ጋር ነው። ስንት ልጆች እንደሆኑ፣ ለአንዱ ምን ያህል ደብተርና ምን ዓይነት ጫማ እንደሚያስፈልግ፣ የሱቁ ዋጋም ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፈው ቢያሳዩ፣ መስጠት የፈለገ ሰው ከዚያ በላይ አይፈልግም።

አሁን ወደ እግርዎ እንምጣ። ሕመሙ በቅልጥሙ የውስጥ ጠርዝ ርዝመት የተዘረጋ ከሆነ፣ ያልለመደ እግር በድንገት ብዙ ጫና ሲበዛበት የሚመጣው የተለመደው ሕመም ሊሆን ይችላል። በጣትዎ ሲጫኑት አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ጠንከር ብሎ የሚያም፣ ወይም ሌሊት ተኝተው ሳሉ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ግን አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያይዎት አንድ እርምጃ እንኳ መሮጥ የለብዎትም። በማስታገሻ ኪኒን እየሸፈኑ መሮጥ በሁለቱም ሁኔታ ጉዳቱን ያባብሳል።

ሕመሙ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ለሁለት ሳምንት ሩጫውን ትተው፣ እስካላመመዎት ድረስ በእግርዎ ይራመዱ። ከዚያ የሚቀሩት 12 ሳምንታት ለርቀቱ ይበቃሉ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሩጡ፤ ከሦስቱ አንዱ ረጅም ይሁን፤ እርሱንም ከ8 ኪሎ ሜትር ጀምረው በየሳምንቱ ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ያሳድጉ፣ በየአራተኛው ሳምንትም ዝቅ አድርገው እግርዎን ያሳርፉ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደረሱ በቂ ነው፤ ሙሉውን 21 ኪሎ ሜትር በልምምድ መሮጥ አያስፈልግዎትም። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ርቀቱ እየቀነሰ የሚሄድባቸው ናቸው።

ከወጣቶቹ ጋር መሮጡን ግን ያቁሙ። እነርሱ የሚሮጡት እንጀራቸው ሊሆን ስለሚችል ነው፤ የእርስዎ ፍጥነት ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር እየተናገሩ የሚሄዱበት መሆን አለበት። ለተሰንበት ግደይ በ2014 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ ይህንኑ ርቀት በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ ጨርሳለች። እርስዎ አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ቢሮጡ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሮጥ ሰው ይህ መልካም ውጤት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ፣ ከተማዎ ውስጥ ትንፋሽዎ ቢያጥርና ፍጥነትዎ ቢያንስ አይደንግጡ። ሐዋሳ ሲደርሱ ትንፋሹ ይቀልልዎታል፣ ሙቀቱ ግን ያልለመዱት ስለሚሆን የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትር ሆን ብለው ቀስ ብለው ይሩጡ፣ ውኃም ሳይጠሙ ይጠጡ። የአውቶቡስ ጉዞው ረጅም ስለሆነ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይግቡ።

የሚሮጡበትን ሰዓትና ስፍራም ይለውጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የደብረ ብርሃን መሬት በውርጭ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ የደሴው አውራ ጎዳና ደግሞ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ፀሐይ ካሞቀች በኋላ በበሬሳ ወንዝ አቅራቢያ ባለው ሣር ላይ ወይም በጥርጊያ መንገድ ቢሮጡ ለቅልጥምዎ ይሻላል። ስለ ጫማ የሚነገርዎትን በተመለከተ፣ በሸዋ ምድር የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በባዶ እግር መሮጥን አስቀድሞ የለመደ ስለነበረ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ሮጦ አሸንፏል። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ጫማ ያደረጉ ሰው ስለሆኑ ሶሉ ያላለቀ፣ ከፊት በአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ያለው ጫማ ይግዙና ከውድድሩ በፊት ለሳምንታት ይልመዱት።

ጾሙ ልምምድዎን አያሰናክልም። ረጅሙን ሩጫ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቁርስ በልተው አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተው ይሩጡ። በሥራ ቀናት ጾሙን ከፈቱ በኋላ ጥቂት ቀምሰው ወደ ማታ ቢወጡ፣ እንደተመለሱ እራት ይደርስልዎታል። የሚጾሙበት ሰዓት የሚከብድዎት ከሆነ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ለምግቡ ከአካባቢዎ የራቀ ነገር አያስፈልግም፤ የመንዝ ገብስ በሶ ለሯጭ ተስማሚ ስንቅ ነው፣ ጭብጦውም በመንገድ አይበላሽም። ከእርሱ ጋር ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ ካልጎደለብዎት ሰውነትዎ ይጠገናል።

ከሁለት ሳምንት ዕረፍት በኋላም ሕመሙ ካልለቀቀዎት የዘንድሮውን ይተዉት፤ ይህንንም ሳይውሉ ሳያድሩ ለእድሩ ጸሐፊና ለሰጪዎቹ ይንገሩ። ገንዘቡ በእድሩ ሒሳብ ገብቶ ከሆነ ልጆቹ ለሁለተኛው የትምህርት መንፈቅ ደብተራቸውን ይዘው ይገባሉ።