ስለ ፒያሳና ስለ ማኅበራችን ለጠየቃችሁኝ

ፒያሳ ዙሪያ በሚሠራ አንድ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ውስጥ ስምንት ዓመት አገልግያለሁ። ያደግሁትም እዚያው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። ሰሞኑን ከሱቅ ባለቤቶች፣ ከነዋሪዎችና ሰፈሩን ለቀው ከሄዱ ልጆች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የማውቀውን ልመልስ።

ጽዳቱም መንገዱም የመንግሥት ሥራ ነው። ለእናንተ ምን ቀረላችሁ?

ብዙ ቀርቶልናል። ማመልከቻ መጻፍ ለሚቸግረው ነጋዴ እንጽፋለን፤ ወረዳም አብረነው እንሄዳለን። የድሮ ቤቶችን ታሪክ እንመዘግባለን። አንድ ሱቅ ሌላውን ሲያስቀይም መሀል ገብተን እናስታርቃለን።

እኔን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን እሳት ነው። ጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል የተቃጠለ ዕለት የነበረውን ጭስ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት የጠፋው ያን ጊዜ ነው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆመ ቤት በአንድ ቀን እንደዚያ ሆነ። የፒያሳ አሮጌ ሱቆችን ውስጣቸውን ግቡና እዩ። ወለሉ እንጨት ነው፣ ኮርኒሱ ደርቋል፣ ከአንድ ቆጣሪ ለሦስት ለአራት ሱቅ ገመድ ተስቧል። ስለዚህ በየሱቁ እየዞርን የተላጠ ገመድ እናያለን፣ እሳት ማጥፊያው ጊዜው አለማለፉን እናረጋግጣለን። አንዳንዱ «ሟርተኛ» ይለናል። ይበለን፣ ግድ የለም። እሳት ካያችሁ 939 ደውሉ። መጀመሪያ ደውሉ፣ ባልዲውን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።

ውጭ አገር ስኖር የመሀል ከተማ ማኅበራት የራሳቸው ጽዳት ሠራተኛና ጥበቃ ነበራቸው። እኛ ጋ ለምን እንደዚያ አልሆነም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው መልሱ «ድህነት ነው» ይላል። እኔ አይመስለኝም። ያ አሠራር የተጀመረው በ1970 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ካናዳ ቶሮንቶ፣ ብሉር ዌስት ቪሌጅ በሚባል የገበያ ሰፈር ነው። በአካባቢው ያለ የንግድ ቤት ሁሉ ከግብሩ ጋር ተጨማሪ መዋጮ ይከፍላል። ማዘጋጃ ቤቱ ይሰበስብና ለማኅበሩ ይሰጣል። እከፍላለሁ አልከፍልም የለም፤ ግዴታ ነው። የሚከፍለውም በዋናነት የሕንፃው ባለቤት ነው። ሰፈሩ ሲያምር ቤቱ ዋጋ ስለሚያወጣለት መክፈሉ አይከብደውም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጡ። በመሀል አዲስ አበባ በብዙው አሮጌ ቤት ውስጥ የምታገኙት ተከራይ ነው፤ አርባና ሃምሳ ዓመት የኖረ ተከራይ። ታዲያ በቤቱ ዋጋ መጨመር የሚጠቀም ባለቤት ከሌለ የቶሮንቶን ደንብ ብንገለብጠው ማን ላይ ይቆማል?

እኛ የቆምነው በተከራዩ ላይ ነው። እንደ እድር በየወሩ ይዋጣል። የቻለ ብዙ፣ ያልቻለ ጥቂት። ከዚያ ውጭ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበራት ለዓላማቸው የሚውል ገቢ ሠርተው እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ለአስተዳደር ከገቢያችን ከ20 በመቶ በላይ ማውጣት አንችልም። መዝገባችን ለማንኛውም አባል ክፍት ነው፤ መጥቶ ማየት ይችላል።

ሱቄ የቀበሌ ቤት ነው። ጣራው ያፈሳል። ነገ ተነሥ ልባል እችላለሁ፤ ለምን ብዬ ላድሰው?

አባባ፣ ይህን የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም። አይነሡም ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም። የምመክርዎትን ግን ልንገርዎ። ከመንካትዎ በፊት ከአከራይዎ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ እድሳት መጀመር አይቻልም። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊያግዝ እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ይህን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ማመልከቻውን እኛ እንጽፍልዎታለን። ለቆርቆሮ ላወጡት ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይያዙ፤ ከሥራው በፊትና በኋላም ፎቶ ያንሡ። ዝናቡ ግን ፈቃድ አይጠብቅም፤ እስከዚያው ዕቃዎን ከግድግዳው ያርቁት።

ዕቃ የሚያወርድ መኪና የት ይቁም?

በማለዳ ይምጣ። በአንድ መስመር ያሉ ሱቆች ዕቃቸውን ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ለማስገባት ተስማምተዋል፤ እየሠራላቸው ነው። የእናንተ መስመር ከፈለገ እኔው መጥቼ አነጋግራችኋለሁ።

ፒያሳ የጣልያን ስም ነው። ለምን አራዳ አትሉትም?

ሁለቱንም እንላለን። ትልቁ ገበያ ድሮ እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ አራዳ ነበር። ጣልያን ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ሲያደርገው ይህ ሰፈር «ፒያሳ» ሆኖ ቀረ። ስሙ በወረራ ቢመጣም ያደግንበት ስም ነው። «የአራዳ ልጅ» የሚለው ደግሞ እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የት ነበራችሁ?

እዚያው ነበርን። ማስቆም የእኛ አቅም አልነበረም። መመዝገብ ግን አቅማችን ነበር፣ እሱንም ዘግይተን ጀመርን። ፎቶ አንሺዎቻችን በር እያንኳኩ «ማን ኖረ? ምን ተሸጠ? ከመቼ ጀምሮ?» ብለው ሲጠይቁ አንዳንዱ ቤት ዕቃው ወጥቶ ነበር። ከፈረሰው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር የመዘገብነው ከሚገባው በጣም ያነሰ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ደምቋል፤ ማታ ከእናቴ ጋር በእግር እሄድበታለሁ። እሷ ግን በየደረስንበት «እዚህ ጋ የነበረችው እንጀራ ሻጭ የት ገባች?» ትለኛለች። የምመልስላት የለኝም። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ምዝገባ ሆኗል። ቀለምና አበባ ከሱ በኋላ ይመጣሉ።

ቤተሰቦቼ ዶሮ ማነቂያ ነበሩ፤ አሁን ከተማው ዳር ነን። አባል መሆን እችላለሁ?

በደንብ ትችያለሽ እህቴ። ደንባችንን ያሻሻልነው ለእናንተ ብለን ነው። በሰፈሩ የኖረ ወይም የሠራ ሁሉ አባል ይሆናል፤ አሁን የትም ይኑር። ለታክሲ እንዳትቸገሪ በስልክም እንመዘግባለን። መምጣት ከቻልሽ ግን ቅዳሜ ጠዋት ነይ፤ የድሮ ፎቶዎቻችሁንም ይዘሽ። የሠርግ፣ የልደት፣ የበር ላይ፣ ምንም ይሁን። የእኛ ልጆች ቅጂውን ወስደው ዋናውን እዚያው ይመልሱልሻል። ጀርባው ላይ ስም ወይም ዓመተ ምሕረት ተጽፎ ከሆነ እንዳይፋቅ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ አምጪው። እናትሽ ደህና ከሆኑም አብረሻቸው ነይ፤ ጎረቤቶቹን በስም የሚያውቋቸው እሳቸው ናቸው።