የሙዳዩ ቀይ ለምን ይፈሳል?

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ውስጥ የእናቴን ስፌቶች ፎቶ እያነሳሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ። አንዱ ፎቶ 8 ሜጋባይት እየሆነ ዳታዬን ጨረሰው። ጊምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ኳሊቲውን 60 አድርጌ ጄፔግ (የተጨመቀ የፎቶ ፋይል) ሳደርገው ደግሞ የሙዳዩ ቀይ መስመር ይፈሳል፣ ጠርዙም ይቆሽሻል። ድሬ ያለው ወንድሜ በፎቶሾፕ 10 ላይ አድርጊው ይለኛል። 10 ከ60 አያንስም እንዴ? በየትኛው ላስቀምጥ፣ ስንት ላይስ ላድርገው?
(ስፌት ሻጯ፣ ከሐረር)

መልስ፦ አቦ፣ ወንድምሽ ልክ ነው! ፎቶሾፕ ላይ ሴቭ አዝ ስትይ መለኪያው ከ0 እስከ 12 ነው፣ ስለዚህ 10 እዚያ ቤት ትልቅ ቁጥር ነው። ጊምፕ ደግሞ እስከ 100 ይሄዳል። ቁጥሩ ፐርሰንት አይደለም። 80 ማለት የፎቶው 80 በመቶ ተረፈ ማለት ስላልሆነ የአንዱን ፕሮግራም ቁጥር ለሌላው አታውሺ።

አሁን ወደ ቀዩ እንምጣ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ጄፔግ ብርሃኑንና ቀለሙን ለያይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ዓይናችን የብርሃን ልዩነትን እንጂ የቀለምን ያን ያህል ስለማይለይ፣ ብዙ ጊዜ አራት ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) አንድ ቀለም እንዲጋሩ ያደርጋል። የሐኪም ተራራን ብታነሺ ማንም አያውቅብሽም። ቀጭን ቀይ አክርማ ከነጣው አክርማ ጎን ለጎን ሲጠመጠም ግን ቀለሙ ከመስመሩ ይወጣል። መፍትሔው ጊምፕ ኤክስፖርት ስታደርጊ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ሰብሳምፕሊንግ የሚለውን 4:4:4 ማድረግ ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ቀለም ይይዛል። ፋይሉ ትንሽ ይጨምራል፣ ይጨምር።

የጠርዙ ቆሻሻ ሌላ ነገር ነው። ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ጥቃቅኑን ዝርዝር ያጠጋጋል፣ ኳሊቲው ሲወርድ ማጠጋጋቱ ይብስና ደማቅ ጠርዝ አጠገብ ጭረት ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ኳሊቲውን ሳይሆን ስፋቱን ቀንሺ። በስልክ ለሚያይ ደንበኛ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ከበቂ በላይ ነው፣ ከ8 ሜጋባይቱ ብዙውን የሚያስቀንስልሽም ይኸው ነው። ከዚያ ኳሊቲውን 85 አድርጊና ፎቶውን 100 በመቶ አጉልተሽ የቀዩን ጠርዝ እዪው። ካላስጠላሽ ወደ 80፣ ወደ 75 ውረጂ። ከ95 በላይ መሄድ ዳታ ማባከን ነው።

ስፌት እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ አይደለም፣ በተመሳሳይ ቁጥር ፋይሉ ቢከብድ አይግረምሽ። ቤት ውስጥ በጨለማ ካነሳሽው ደግሞ ካሜራው የሚፈጥረው ነጠብጣብ እንደ ዝርዝር ስለሚቆጠር ፋይሉ ያብጣል። ግቢ ውጪና ጥላ ፈልጊ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ጊምፕሽን አትልቀቂ፣ ነፃ ነው። ኢርፋንቪው የሚባለው የፎቶ ማያ ፕሮግራም ፈጣንና ቀላል ነው፣ ግን ነፃ የሆነው ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነው፣ አንቺ ደግሞ ነጋዴ ነሽ። ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ሰጥተውሽ ከቫይረሱ ጋር ከመታገል ብራውዘር ላይ የሚሠራውን ስኩሽ ሞክሪ፤ ዋናውንና የተጨመቀውን ጎን ለጎን ያሳይሻል፣ ሥራውን የሚሠራውም እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ስለሆነ ፎቶሽን የትም አይልክም።

አንድ የተቀመጠ ጄፔግ ከፍተሽ አስተካክለሽ መልሰሽ ስታስቀምጪ እንደገና ይጎዳል። ማየት ብቻ ምንም አያደርገውም። ሁልጊዜ ከካሜራው ዋና ፎቶ ጀምሪ፣ እሱንም አትሰርዢው።

ይህን ሁሉ ለፍተሽ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላክሽው ራሱ እንደገና ይጨምቀዋል። ለቻናሉ ግድ የለም። አክርማውን ቀረብ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ገዢ ግን እንደ ፋይል ላኪለት።