ሕክምና ለመግባት ያሰባችሁ፦ ምርምር መቼ ይጀመር? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ ተማሪዎች ከመጡት ጥያቄዎች የሚደጋገሙትን መርጫለሁ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ፍሬሽማን ነኝ። አሁኑኑ ልጀምር ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ለትምህርትህ ተወው። ሕክምና የሚያስገባህ ውጤትህ ነው፤ ባዮሎጂ ላይ የጎደለን ነጥብ ምርምር አይሞላውም። ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ በሳምንት አንድ ጥናት አንብብ። ሠንጠረዦቹን አስቀድም፣ ከዚያ ዘዴውን፣ መደምደሚያውን በመጨረሻ። አጥኚው የደመደመውን ሳታይ አንተ ከቁጥሩ የተረዳኸውን ጽፈህ አወዳድር። ወደ ሥራው በእጅህ የምትገባው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፤ ከዚያ አታሳልፈው። ዋርድ (በሆስፒታል ክፍሎች የሚሰጠው ሥልጠና) ከተጀመረ ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) እና ተረኛ ቀኑን ይጨርሱታል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ መምህራኑን እፈራለሁ። ምን ብዬ ልግባ?

መልስ፦ «ምርምር ላይ ያሳትፉኝ» ብቻ ካልሽ «እሺ፣ እናያለን» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ይልቅ በዚህ ሴሚስተር መረጃ እየሰበሰቡ ያሉት እነማን እንደሆኑ የማስተርስ ተማሪዎችን ጠይቂ፤ ሰው የሚቸግራቸው ያኔ ነው። ያነበብሽላቸውን አንድ ጥናት ጠቅሰሽ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሰጪ ቁርጡን ንገሪያቸው። አምስት ሰዓት ብሎ መገኘት ሃያ ብሎ ከመቅረት ይሻላል። ኮቦ ቱልቦክስ (በስልክ መረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም) ላይ መጠይቅ መሥራትና ኤክሴል ላይ መረጃ ማጽዳት ከቻልሽ እነሱው ይፈልጉሻል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ከታካሚ ካርድ መረጃ እንዳወጣ ተሰጠኝ። ቀላል ነው አይደል?

መልስ፦ ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ «ዕድሜ 3» ይላል፤ ዓመት ነው ወር? «12/4/15» ይላል፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ ኤፕሪል 12 ቀን 2015 በፈረንጅ? በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ አለ። ስለዚህ መረጃውን በምትገለብጥበት ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ለዕድሜው መለኪያ፣ አንድ ዓምድ ለዘመን አቆጣጠሩ ጨምር። ያልተጻፈውን ዜሮ አትሙላው፤ ዜሮ ራሱ መልስ ነው። 999 ከሰጠኸው ደግሞ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ላይ የጎደለ መረጃ መሆኑን አስመዝግብ፤ አለዚያ አማካይ ዕድሜው ውስጥ ይደመራል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቅጹን በሃያ ካርድ ሞክረው። የታካሚ ስም አትጻፍ፣ የራስህን መለያ ቁጥር ስጥ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው 423 ናሙና ይላል። ከየት መጣ?

መልስ፦ 1.96 (የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 (የሚጠናው ነገር አለባቸው ተብሎ የሚገመተው ድርሻ) እና በቀሪው 0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.05 (የሚፈቀደው ስህተት) ካሬ ሲካፈል 384 ይሆናል፤ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመር 423። 0.5 የሚወሰደው የቀደመ ጥናት ሲታጣ ነው። የቀደመ ጥናት ድርሻውን 20 በመቶ ካለ 246 ይመጣል፣ ከጭማሪው ጋር 271። ቁጥሩን ዝም ብሎ የቀዳ ሰው 152 ሰው በከንቱ ይጠይቃል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ባዮሎጂ እየተማርኩ ነው፤ የጥገኛ ተሕዋስያን ላቦራቶሪ ሥራ ይስበኛል።

መልስ፦ ካቶ ካትዝን (በሰገራ ውስጥ የትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ የሚቆጠርበትን ዘዴ) በደንብ ልመድ። ናሙናውን የሚሸፍነው ሴሎፋን በግሊሰሮል መፍትሔ ቢያንስ 24 ሰዓት ይነከር። ሰገራው በወንፊት ይለፍ፣ የመለኪያው ቀዳዳ እስከ አፉ ይሙላ፤ 41.7 ሚሊግራም ስለሚይዝ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ተባዝቶ በግራም ይሰላል። ትልቁ ጥፋት መዘግየት ነው። የመንጠቆ ትል እንቁላል ግሊሰሮሉ ሲያጠራው ስለሚጠፋ ስላይዱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይታይ። የቢልሃርዝያው ግን ይቆያል። ጠዋት ሃምሳ ስላይድ ሠርቶ ከምሳ በኋላ የሚያነብ ሰው «መንጠቆ ትል የለም» ብሎ ይጽፋል፣ ትሉ ግን አለ።

ጥያቄ፦ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ለጥናቱ የሚሰጠው ፈቃድ በኋላ ቢመጣስ?

መልስ፦ አይሆንም። ከመጀመሪያው ካርድ በፊት ደብዳቤው እጅህ ላይ ይሁን። የተሰበሰበ መረጃ ወደ ኋላ አይፈቀድም፤ ልፋትህ ሁሉ ይጣላል።

ጥያቄ፦ መረጃ ሰብስቤ ስሜ ጽሑፉ ላይ ባይገባስ?

መልስ፦ መረጃ መሰብሰብ ብቻውን ጸሐፊ አያደርግም፤ ምስጋናው ላይ ትጠቀሳለህ። ጸሐፊ ለመሆን በጽሑፉ ላይ መሥራት፣ የመጨረሻውን ቅጂ አንብቦ ማጽደቅና ለይዘቱ ተጠያቂ መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ ገና ስትጀምር፣ በትሕትና፣ «የዘዴውን ክፍል ረቂቅ እኔ ልጻፍ?» በል። መረጃውን ራስህ ስለሰበሰብክ ያንን ክፍል ካንተ በተሻለ የሚያውቀው የለም።