የቺንቺላ ኬጅ ውስጥ ምን ይነጠፋል፣ ምንስ ይገባል? (ጥያቄና መልስ)

ቺንቺላ ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ነው። ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ያገኘውን ሁሉ ሲከረክም ያድራል። ንጣፉም መደርደሪያውም አንድ ቀን ሆዱ ይገባል ብላችሁ ምረጡ።

ጥያቄ፦ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ በነጻ ይሰጡኛል። ላንጥፈው?

መልስ፦ አይሆንም። ደቃቁ ብናኝ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ ከየትኛው እንጨት እንደወጣም አይታወቅም። የሚነጠፈው በመላጊያ የተላገ ሰፋፊ ፍቅፋቂ ነው፦ የአስፐን፣ ወይም በማድረቂያ ምድጃ የደረቀ የፓይን። ፓይን በምድጃ ሲደርቅ መተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣው ሽታ ያለው ዘይት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከረጢቱ ላይ በምድጃ መድረቁ ካልተጻፈ ይለፉት። 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይበቃል። የራሰው ጥግ በየቀኑ፣ ሙሉው በየሳምንቱ ይቀየር። ሴዳር ፈጽሞ አይግባ። አሜሪካ ውስጥ ቀይ ሴዳር እየተባለ የሚሸጠው ከሐበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ያ ለእኛ ደስ የሚለን ሽታ ነው ጉዳቱ። በውሃ የሚጓጉል የድመት አሸዋም ቢዋጥ አንጀት ይዘጋል።

ጥያቄ፦ ፍሊስ (ለስላሳው የብርድ ልብስና የሹራብ ጨርቅ) ይሻላል ይላሉ። አሮጌ ፎጣ ቢነጠፍስ?

መልስ፦ ፎጣ ይቅር። የፎጣ ክር ጣት ላይ ይጠመጠማል፣ ከተዋጠም አንጀት ውስጥ ይቋጠራል። ፍሊስ ሲከረከም ረጅም ክር አያወጣም፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። ነገር ግን ራሱ ሽንት አይመጥም፣ ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ። ስለዚህ ከሥሩ የሚመጥ ጨርቅ አድርጋችሁ እንደ ትራስ ልብስ ዙሪያውን ስፉት፤ ስፌቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ ውጪ አንድም ክር አይታይ። አዲስ ፍሊስ ውሃ ስለሚገፋ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠብ። ሳሙናው ሽታ የሌለው ይሁን፣ ማለስለሻ አይጨመር፤ ማለስለሻ ጨርቁን ይሸፍነውና ሽንቱ ላዩ ላይ ይቀራል። በማለቅለቂያው ግማሽ ኩባያ ነጭ ኮምጣጤ ሽታውን ያጠፋል። ቀዳዳ ካያችሁ አንሱት። መቅደድ ብቻ ሳይሆን የሚበላ ከሆነ ወደ ፍቅፋቂ ተመለሱ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ኬጅ ወለሉ ሽቦ ነው።

መልስ፦ ይሸፈን። ውስጥ እግሩ ይቆስላል፣ ሲዘል ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። የብረት ትሪ ጥሩ ነው፣ ፕላስቲክ ግን ይበላል።

ጥያቄ፦ መደርደሪያ በኮምፔንሳቶ ልሥራ?

መልስ፦ ኮምፔንሳቶም ኤምዲኤፍም (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራው ሰሌዳ) ሙጫ አለባቸው። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ቀለምም ቫርኒሽም ያልነካው የፓይን ጣውላ ይግዙ። ቡሎኑን ከጣውላው ጫፍ አስገብተው ከሽቦው ውጪ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ያጥብቁ። በመደርደሪያዎቹ መካከል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ ቢወድቅ የሚቀጥለው እንዲቀበለው ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ የሚከረክመው ቅርንጫፍ?

መልስ፦ መድኃኒት ያልተረጨ የአፕል፣ የፒር ወይም የአኻያ። በሙቅ ውሃና በብሩሽ ፈትጋችሁ በደንብ አድርቁ፤ እርጥብ እንጨት ይሻግታል። ኮክ፣ ቼሪ፣ ፕሪም፣ ብርቱካን፣ ሎሚና ባሕር ዛፍ አይሰጡም።

ጥያቄ፦ መሮጫ ጎማና መታጠቢያ?

መልስ፦ ጎማው ብረት፣ የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 38 ሴንቲ ሜትር፣ መርገጫው ያልተበሳ ይሁን። ውስጡ ገብቶ የሚንከባለልበት ኳስ ያፍነዋል። መታጠቢያው አሸዋ ሳይሆን ለቺንቺላ የሚሸጠው ደቃቅ አቧራ ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ። ውሎ ካደረ ቆዳ ያደርቃል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዱባይ ነው። ቬንትሌተር ይበቃዋል?

መልስ፦ አይበቃም። ስለማያልበው ነፋሱ ብቻውን አያቀዘቅዘውም። ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ከ27 ሲያልፍ ሙቀት ሊገድለው ይችላል። ጆሮው ቀልቶ ከተዘረረ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ወስዳችሁ ወዲያው ሐኪም ጥሩ። ኤሲ ግድ ነው። ከሴራሚክና እምነበረድ ሻጭ የተረፈ ቁራጭ እምነበረድ ማቀዝቀዣ ውስጥ እያሳደራችሁ ብታስገቡለት ይተኛበታል፤ የኤሲን ቦታ ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ ኬጁን ሳሎን ባደርገውስ? ቡና እዚያው ነው የምናፈላው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዕጣን ከሚጨስበትና እንጀራ ከሚጋገርበት አርቂው። ጭሱ ሳንባውን ይነካል፤ የምጣዱ እንፋሎት ደግሞ ጥቅጥቅ ያለው ጸጉሩ ውስጥ ገብቶ ፈንገስ ያመጣል። ቀን ስለሚተኛ ጸጥ ያለ መኝታ ክፍል ይሻለዋል፤ ሌሊት የጎማውን ድምፅ ከቻልሽው።