የቡና ላስቲክ ላይ ያለችው ክብ ቀዳዳ ሥራዋ ምንድነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለች እህቴ የተቆላ ቡና በሰው እጅ እልካለሁ። ባለፈው ማታ ቆልቼ ሳይበርድ በዛ ውስጡ ብርማ በሆነው ላስቲክ አድርጌ በማሽን አሳሽጌ ላኩት፣ እዛ ሲደርስ እንደ ኳስ ተነፍቶ በጎኑ ተተርትሮ ቡናው ሻንጣው ውስጥ ተበትኗል። መንገደኛዋ ነጭ የሀበሻ ቀሚሷን ይዛ ነበር፣ በጣም ነው ያፈርኩት። ሰዎች "የፕሌኑ አየር ነው" አሉኝ። ቀጥሎ ስልክላት ላስቲኩን በመርፌ ወጋ ወጋ አደረግኩት፣ አልተነፋም ግን እህቴ "ቡናው ሽታ የለውም" አለችኝ። ሱቅ ያለው ቡና ላይ ያለችው ክብ ቀዳዳ እኔ ከወጋሁት በምን ትለያለች? (ከገርጂ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፕሌኑ እጁ የለበትም። የመንገደኛ ፕሌን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ቦታ ጋር እኩል ተደርጎ ነው የሚያዘው፣ የሻንጣው ክፍልም እንደዛው ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ገርጂ የታሸገ ላስቲክ ፕሌን ላይ ስለወጣ ያን ያህል አይነፋም፣ እንደውም ሲልቨር ስፕሪንግ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ሲደርስ ጨምደድ ማለት ነበረበት። የነፋው ራሱ ቡናው ነው።

ቡና ስትቆዪ ሲንጣጣ ትሰሚው የለ፣ ያ ድምፅ ፍሬው በእንፋሎትና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተወጥሮ ሲሰነጠቅ ነው። ከምጣዱ ከወረደ በኋላም ውስጡ የቀረው ጋዝ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ቀስ እያለ ይወጣል፣ በተለይ የመጀመሪያው ቀን ላይ ብዙ ይወጣል፣ አንቺ ደግሞ በትኩሱ ነው ያሸግሽው።

ይሄ ነገር ትልልቅ ቡና ቆልተው የሚሸጡትንም ያስቸግር ነበር። ወዲያው ካሸጉት ይፈነዳል፣ ጋዙ እስኪወጣ ካስቀመጡት ደግሞ ኦክስጅን ያገኘውና ጣዕሙ ይሄዳል። መፍትሄው የመጣው በ1960ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) ከጣሊያን ነው፣ ጎሊዮ የሚባል የማሸጊያ ድርጅት ወደ ውጪ ብቻ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ላስቲኩ ላይ ገጠመ፣ አንቺ ያየሻት ክብ ቀዳዳ እሷ ናት። እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው የማደንቀው። የሳንቲም ያህል ነው፣ ውስጡ ስስ የጎማ ክዳን አለ፣ ከስሩ ትንሽ ዘይት ተቀብቷል። ጋዙ ሲገፋ ጎማው ብድግ ይልና ያሳልፈዋል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ዘይቱ ጎማውን መልሶ ያጣብቀዋል፣ የውጪ አየር መግባት አይችልም። ለተፈጨ ቡና የሚሠራው ላይ ደግሞ ዱቄቱ ጎማው ስር ገብቶ ክፍት እንዳያደርገው ማጣሪያ ይጨመርበታል። ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ ላስቲኩን ጫን አድርጎ በቫልቩ ያሸታል፣ እሱም ጥሩ ነው ግን ለማሽተት ብለው አይደለም የሠሩት።

የመርፌው ቀዳዳ ግን ያስወጣልም ያስገባልም። ጋዙ ወጣልሽ፣ በዛው ኦክስጅኑ ገብቶ የቡናውን ዘይትና መዓዛ አበላሸው። ላስቲኩንም ሥራ አስፈታሽው፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ሦስት ንብርብር ነው፣ ላዩ ፖሊስተር፣ መሀሉ አየርና ብርሃን የሚከለክል አሉሚኒየም፣ ውስጡ በሙቀት ቀልጦ የሚጣበቅ ፖሊኢትሊን፣ አንቺ ሦስቱንም በስተሽ ነው የላክሽው ማለት ነው።

አሁን ቫልቭ ያለውን ላስቲክ ፈልጊ። ካጣሽ ቡናውን በደንብ አብርደሽ፣ ሳትፈጪ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አንድ ቀን አሳድሪው፣ ከዛ አየሩን ጨምቀሽ አውጥተሽ ላስቲኩን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ብቻ ሙዪና እሸጊው፣ የሚወጣው ጋዝ ቦታ ያገኛል። መነፋቱ አይቀርም ግን የመተርተር ዕድሉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ባዶውን የቡና ላስቲክ ለበርበሬና ለሽሮ ብጠቀምበትስ? (ከዛው አንባቢ)

መልስ፦ ለሽሮ አልመክርሽም፣ የቡናው ዘይት ውስጡ ላይ ስለሚቀር ሽታው ይጋባበታል። ደግሞም በርበሬና ሽሮ እንደ ቡና ጋዝ አይለቁም፣ ቫልቭ አያስፈልጋቸውም፣ ጠላታቸው እርጥበት ነው፣ ስለዚህ በደንብ ደርቀው ቀዳዳ የሌለው አዲስ ላስቲክ ውስጥ ይግቡ። አሮጌውን ደግሞ ከሌላ ላስቲክ ጋር ቀልጦ እንደገና ይሠራል ብለሽ አታስቢ፣ አሉሚኒየሙና ፕላስቲኩ ተጣብቀው ስለተሠሩ መለያየቱ ከባድ ነው፣ አሁን አንዳንድ አምራቾች ከሞላ ጎደል ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ የተሠራ የቡና ማሸጊያ መሥራት የጀመሩት ለዚህ ነው።