ለኮሪያ ዘማቾች መንገድ ማሰየም፦ እኛ ያለፍንበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "አባቴ ቃኘው ነበሩ፣ ዓምና አረፉ። በምኖርበት የቨርጂኒያ ካውንቲ አንድ መንገድ ለኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል ወይ? ከየትስ ይጀመራል?" ብለሻል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። አዎ፣ ይቻላል። እኛ አንድ ድልድይ አሰይመናል። ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብን፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ዓመት አካሄዱን ባለማወቃችን የጠፋ ነው። አንቺ እንዳትደግሚው ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

የኔም አባት ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት በላከችው በቃኘው ሻለቃ ዘምቷል። ነገሩ የተጀመረው ጎረቤቴ የሆኑ አሜሪካዊ ሽማግሌ አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ ቤቴ ገብተው ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የአባቴን ሜዳልያ ሲያዩ ነው። ዝም ብለው ወጡና ከቤታቸው የራሳቸውን ይዘው ተመለሱ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ነው፤ ያው ነሐስ፣ ያው ሰማያዊና ነጭ ሽንትር ያለው ሪባን። የሳቸው ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ የአባቴ ላይ በአማርኛ። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን ብዙ ተቀመጥን። እሳቸው በሰባተኛው ክፍለ ጦር ነበሩ። ቃኘው ሻለቃም የተመደበው በዚያው ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ነበር።

ከዚያ በኋላ ስሜት ቀደመንና ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርን። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየሀበሻ ሱቁ ቆመን ከ400 በላይ ሰው አስፈረምን። በትልቁ ሀይዌይ ላይ ከአሥር ማይል የሚበልጥ ርቀት "የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ" እንዲባል የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈን በቀጥታ ለግዛቱ ላክን። ከወራት በኋላ የመጣው መልስ በትሕትና የተጻፈ ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን የአካባቢያችሁ ምክር ቤት ውሳኔ ከሌለ ጥያቄው አይታይም ነው። እንደገና ስንሰባሰብ፣ እንደገና ስንመካከር ዓመቱ አለቀ። አብረውን ከነበሩት ሰባት የካውንቲው የኮሪያ ዘማቾች ሁለቱ በዚያው ዓመት ሞቱ። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። በቨርጂኒያ ለግዛቱ መንገዶችና ድልድዮች ስም የሚሰጠው ኮመንዌልዝ ትራንስፖርቴሽን ቦርድ የሚባለው አካል ነው። ቦርዱ ግን መንገዱ ከሚያልፍበት ካውንቲ ወይም ከተማ ምክር ቤት "ይሰየምልን" የሚል የጸደቀ ውሳኔ ካልደረሰው በራሱ አይነሳም። የታፔላው ማሠሪያ፣ ማቆሚያና ማደሻ ወጪም የሚወድቀው በዚያው ካውንቲ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራሽ የሚጀምረው የግዛቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ሳይሆን ሰፈርሽ ውስጥ፣ አንቺን ወክሎ በካውንቲው ምክር ቤት (የካውንቲ ቦርድ በሚባለው) ላይ የተቀመጠው ሰው ቢሮ ነው። እሱ ነው ሐሳቡን በስሙ የሚያቀርበው፣ ለስብሰባ አጀንዳ የሚያስይዘው፣ ሌሎቹን የሚያሳምነው። ሰውየው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ወጪውን ማን ይሸፍናል ብሎ ነው። እኛ ለታፔላዎቹ የሚሆነውን ጥቂት ሺህ ዶላር ከማኅበረሰባችንና ከሰፈሩ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አዋጥተን "ካውንቲው ሳንቲም አያወጣም" የሚል ደብዳቤ ይዘን ስንሄድ የሰዎቹ ፊት ወዲያው ፈታ አለ።

ሌላ ግዛት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፣ አካሄዱ እንደየቦታው ይለያያል። ሚኒሶታ ውስጥ መታሰቢያ ሀይዌይ የሚሰየመው በሕግ አውጪው ምክር ቤት ሲሆን የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ታፔላ የሚተክለው ገንዘቡ ከግዛቱ ካዝና ውጭ መገኘቱን ሲያረጋግጥ ነው። ቴክሳስም ለታፔላው የግል መዋጮ ይጠብቃል። ካሊፎርኒያ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ ነው፤ እዚያም ወጪው ከልገሳ ይሸፈናል። በነዚህ ቦታዎች የምትፈልጉት ሰው የካውንቲ ተመራጭ ሳይሆን የግዛቱ ሕግ አውጪ ውስጥ የሚወክላችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ምክሬ ይኼ ነው፦ ለቃኘው ብቻ አትጠይቂ። ይህን ስጽፍ ከብዶኛል፤ ሊከብድሽም ይችላል።

የካውንቲው ተመራጭ ሴትዮ ዘንድ ስንቀርብ እኔ ነበርኩ የተናገርኩት። በ1951 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሻለቃ ፑሳን ወደብ እንደደረሰ፣ በተከታታይ የዘመቱት ሻለቆች ተደምረው ከ6,000 ሰው በላይ እንደሆኑ፣ ከ120 በላይ እንደወደቁና ከ500 በላይ እንደቆሰሉ፣ አንድም ሰው እንዳልተማረከባቸው ነገርኳት። ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ "ከዚህ ካውንቲ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?" አለችኝ። ደሜ ፈላ። ጎረቤቴ ግን ክንዴን ያዝ አደረጉና መልሱን ራሳቸው ሰጡ፦ እኔ የዚህ ካውንቲ ልጅ ነኝ፣ አንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ነበርን፣ በሕይወት የተመለስኩት ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ስለነበሩ ነው አሉ። ሁለቱን ሜዳልያዎች ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ። ሴትዮዋ አንስታ የአማርኛውን ፊደል በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ሥራው ተንቀሳቀሰ።

ጥያቄዋ ንቀት እንዳልነበረ በኋላ ነው የገባኝ። የካውንቲ ቦርድ የሚወስነው በካውንቲው ነዋሪዎች ስም ነውና ግንኙነቱን ማየት አለበት። ግንኙነቱ ያለው ደግሞ ከኛ ሰዎች ጎን በተዋጉት አሜሪካውያን ዘንድ ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት በሰፈርሽ ያለውን የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ፈልጊ፤ የኮሪያ ዘማች አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። የቀሩት ከዘጠና ዓመት በላይ ናቸውና ቶሎ በይ።

ማስረጃ ላይ ብዙዎች ይደናቀፋሉ። በሐምሌ 1973 እ.ኤ.አ. ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የወታደሮች ማኅደር ማዕከል ተቃጥሎ ከ1960 በፊት የተሰናበቱት የምድር ጦር አባላት መዝገብ ሰማንያ በመቶ ገደማ ወድሟል። የኮሪያ ዘማቾች መዝገብ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነበር። ከኛዎቹ ሰባት ውስጥ አራቱ ቤተሰቦች "ፋይሉ የለም" ተብለዋል። እኛን የታደገን የካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ቢሮ ነው፤ ያኔ ብዙ ወታደሮች ሲመለሱ የስንብት ወረቀታቸውን እዚያ ያስመዘግቡ ነበር። ጎረቤቴ ልጃቸውን ይዘው ሄደው በአሮጌ ጥራዝ ውስጥ የራሳቸውን ገጽ አገኙት። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሆነው የፈረሙበት ቀለም አልደበዘዘም። የአባትሽን በተመለከተ ሜዳልያውን፣ የምስክር ወረቀቱን፣ ከጀርባው የተጻፈበት ፎቶግራፍ ካለም እሱን አሰባስቢ፤ አማርኛውን ሕጋዊ ተርጓሚ ዘንድ አስተርጉሚና ማኅተም ያለበትን አያይዢ።

ከማመልከቻው ጋር ሁለት ነገር ጨምረን ነበር፤ ሁለቱም ጠቅመውናል። አንዱ ዋሽንግተን ያለው የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ፎቶ ነው። እዚያ በግራናይቱ ጠርዝ ላይ ጦር ወይም ሐኪም የላኩ 22 አገሮች ስም ተቀርጿል፤ ኢትዮጵያ አለች። ሁለተኛው ከኮሪያ ነው፦ ቹንቾን ከተማ ውስጥ በ1968 እ.ኤ.አ. ጃንሆይ በተገኙበት የተመረቀው ሐውልታችን አለ፤ ከአጠገቡ የሚያልፈው ጎዳና ስሙ "ኢትዮጵያ መንገድ" ነው። የመታሰቢያ አዳራሹ የፖስታ አድራሻ ራሱ በዚያ መንገድ ስም ነው። ኮሪያውያን ይህን ካደረጉ እኛ አንድ ድልድይ ብንሰይም አይበዛም ያለው አንድ የካውንቲው ቦርድ አባል ነው።

ስለ ርቀቱም ልብ በይ። ትልቅ ነገር ስትጠይቂ ብዙ ሰው ይነካል፤ መንገዱ ሁለት ካውንቲ ካቋረጠ ደግሞ ከሁለቱም ጋር መነጋገር ይመጣል። ድልድይ ወይም አጭር ቁራጭ መንገድ ምረጪ፣ ቀድሞ ስም ያልወጣለት መሆኑንም አጣሪ። በሕዝብ አስተያየት መስጫው ቀን አንድ ባለ ሱቅ አድራሻዬ ሊለወጥ ነው፣ ደረሰኝና ካርድ ሁሉ ላሳትም ነው ብሎ ተቃወመ። የመታሰቢያ ስያሜ የፖስታ አድራሻን እንደማይቀይር ስናስረዳው ተቀመጠ። ይህን ነገር ሰው ሳይጠይቅሽ በፊት ተናገሪ።

ታፔላው ላይ የሚጻፈውም እንደፈለግነው አይሆንም። የፌዴራሉ የመንገድ ምልክቶች መመሪያ ስሙንና "መታሰቢያ" የሚለውን ዓይነት አጭር ቃል ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ የሕይወት ታሪክ፣ ሥዕል፣ አርማ አይገባም፣ ታፔላውም በየአቅጣጫው አንድ ነው። ከኛ ውስጥ አንበሳ ይሳልበት፣ በፊደላችንም ይጻፍበት ያሉ ነበሩ። ለመኪና ነጂ የተሠራ ምልክት ነውና አይሆንም። ታሪኩ የሚጻፈው በውሳኔው ሰነድ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ከመደምደሚያው በፊት "ይህ በመሆኑ፣ ያም በመሆኑ" እያለ ምክንያቱን ይደረድራል። ያን ክፍል ራሳችሁ አርቅቃችሁ ስጡ፤ ተመራጮቹ ጊዜ ስለሌላቸው ደስ ይላቸዋል። እኛ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቃኘው ሻለቃን፣ ሰባተኛውን ክፍለ ጦርና የወደቁትን አስገባን። የእንግሊዝኛ አጻጻፉ ላይ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ "ቃኘው" በሦስት ዓይነት ሆሄ ሲጻፍ አይቻለሁና አንዴ ከጸደቀ በኋላ ማረም ሌላ ስብሰባ ይጠይቃል። ስሙ ከየት መጣ ብለው ከጠየቁሽም የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው መሆኑን ንገሪያቸው፤ ወደዱት።

ስለዚህ ዛሬ በድልድያችን ላይ ብታልፊ የምታነቢው "የኮሪያ ጦርነት ዘማቾች መታሰቢያ ድልድይ" የሚል ብቻ ነው። ቃኘው የሚል አታገኚም። ምረቃው ዕለት ጎረቤቴ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ታፔላው ሳይሰቀል በፊት አስጠግቱኝ ብለው ቀዝቃዛውን ብረት በመዳፋቸው ያዙት። የአባቴን ሜዳልያ ኮታቸው ላይ፣ ከሳቸው ጎን አድርጌላቸው ነበር። ማታ አዲስ አበባ ለእናቴ ደውዬ ሦስተኛውን አንቀጽ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። እንደገና አንብበው አለችኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩላት።

የምትኖሪበትን ካውንቲ ብትጽፊልኝ ቦርዱ የሚሰበሰብበትን ቀንና የተመራጭሽን ቢሮ አብረን እናያለን። የኛን የውሳኔ ረቂቅም እልክልሻለሁ፤ ስሞቹን ቀይረሽ መነሻ ልታደርጊው ትችያለሽ። እስከዚያ የአባትሽን ሜዳልያ ፎቶ አንሺው፣ ፊቱንም ጀርባውንም።